ወይዘሮ አይናዲስ አልወርድም ያሉ ዕለት

በወይዘሮ አይናዲስ ሙላት ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው የማኅበራችን ቦርድ ነው። አጭርና ጨዋ ጽሑፍ ነበር። «ማኅበሩን መሥርተው ለረጅም ዓመታት ከመሩ በኋላ፣ በራሳቸው ጥያቄ በክብር ተሰናብተዋል» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ከቆመው ሰው ብዙው አንገቱን ደፋ፤ በክብር እንዳልተሰናበቱ ያውቃላ። በ2004 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ነው የተነሱት። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቦርዱ የሟች ስም እንዳይጎድፍ ብሎ ሸፈነላቸው፤ የሸፈነው ግን መሸፈን የማያስፈልገውን ነው።

እኔ የማኅበሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ የሆነ ነገር በሆነበት መንገድ ቢጻፍ እወዳለሁ። ወይዘሮ አይናዲስ «እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳታወሪ» ብለውኝ ስለነበር እስካሁን ዝም ብያለሁ። አሁን የሉም።

የተወለዱት አምበር አጠገብ ካለ መንደር፣ ከገበሬ ቤት ነው። በልጅነታቸው ተድረው ትዳሩ አልሰመረም፤ ደብረ ማርቆስ አክስታቸው ዘንድ መጥተው እየሠሩ ማታ ማታ ተማሩ። ሆስፒታል በጽዳት ተቀጠሩ፤ ቆይቶም ኮርስ ወስደው ድሬሰር ሆኑ። ሥራቸው ቁስል ማጠብና ማሸግ ነበር። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ያ በሽታ፣ ኤድስ፣ ከተማውን ሲያዳርስ ሆስፒታሉ አልጋ አጥቶ ሰዉን ወደ ቤቱ ይመልስ ጀመር። ቤቱ የተመለሰውን ጎረቤት ይሸሸዋል፤ ውኃ እንኳ ደጃፉ ላይ አስቀምጠውለት የሚሄዱ ነበሩ። ወይዘሮ አይናዲስ ከሥራ ሲወጡ ወደነዚህ ቤቶች መሄድ ያዙ። በጓሮ ዞረው አይገቡም። ሰው ሁሉ ደጅ በሚሆንበት ሰዓት፣ በፊት ለፊት በር፣ ግራ ቀኙን ጮክ ብለው «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ ነበር የሚገቡት። «ተደብቄ ከገባሁ ነውር አደረግሁት ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ሀጀራን ያገኟት በዚያን ሰሞን ነው። ሀጀራ ገበያ መሀል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበራቸው የአቶ ሙሐመድአሚን ልጅ ናት። ወይዘሮ አይናዲስ ለቁስል መጠቅለያ አቡጀዲ ሊገዙ ሲገቡ ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ሱቁን ለወንድሟ ትታ ጨርቁን ተሸክማ ተከተለቻቸው። በማግስቱም መጣች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሌሎች ሴቶች ተጨመሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የቤት ለቤት አስታማሚዎች ማኅበር ተብለው ተመዘገቡ፤ ወይዘሮ አይናዲስም ሊቀመንበር ሆኑ። በኋላ አምበርና ቁይ ላይ ቅርንጫፍ ተከፈተ። መድኃኒቱ መጥቶ የተኛው መነሳት ሲጀምር፣ ማኅበሩ ፊቱን ጧሪ ወደሌላቸው አዛውንቶችና ከአልጋ ወደማይነሱ በሽተኞች አዞረ። አስታማሚዎቹ በየሰፈሩ ተመድበው ያጥባሉ፣ ይመግባሉ፣ አልጋ ላይ ያገላብጣሉ። አንድ ቀን ካልሄዱ የሚሄድላቸው ሌላ የለም።

አሁን ስለ አንድ ልማዳችን መጻፍ አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተያዘው በእሱ ነውና። በእኛ አገር ወንበር የያዘ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ብድግ ብሎ «ደክሞኛል፤ አውርዱኝ፤ ሌላ ሰው ምረጡ» ይላል። እድር ቢሆን፣ ሰበካ ጉባኤ ቢሆን፣ የውኃ ኮሚቴ ቢሆን ያው ነው። ሰዉ «አይሆንም!» ብሎ ይጮኻል። ሽማግሌ ተነስቶ ይለምናል። ባለወንበሩ ሁለቴ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እያጉረመረመ ይቀመጣል። ይህን ቃል ያላለ ሰው ወንበር ወዳድ ይባላል። አዲስ የሚመረጠውም እንዲሁ ነው፤ «እኔ አልመጥንም» ይላል፣ ይለመናል፣ በሦስተኛው ይቀበላል። ሳይለመን እሺ ያለ ሰው ያፍራል፤ ቤተሰቡም ያፍርበታል።

ወይዘሮ አይናዲስ የአውርዱኙን ቃል ከመጀመሪያው ጉባኤ ጀምሮ እንደማንኛውም ሰው ሲሉት ኖረዋል። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. ከልባቸው ሲሉት የሰማቸው የለም።

በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ያለ ሐኪም ልባቸው መስፋቱን ነግሯቸዋል። እግራቸው ያብጣል፤ ዳገት ሲወጡ በየአጥሩ ሥር መቆም ጀምረዋል። በጉባኤው ላይ ተነስተው «ዘንድሮ የእውነቴን ነው፤ ታምሜያለሁ፤ አውርዱኝ» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ አጨበጨበ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ቄስ ታረቀኝ ብድግ አሉ። ቀልድ የሚወዱ፣ ለማኅበሩም ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። «ዘንድሮስ አሳመሩት! አምና እንዲህ አልጣፈጠም ነበር» አሏቸው።

«ቄስ ታረቀኝ፣ እግሬን ይዩት እስቲ።»

«እግርዎን አይተን ምን እናደርጋለን? ሩጫ አላስመዘገብንዎ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከአስታማሚዎቹ አንዷ፣ ወለተ ማርያም፣ ከፊታቸው ተንበርክካ «እርስዎ ከወረዱ እኛም እንወርዳለን» አለች። ከልቧ ነው፤ በጣም ትወዳቸው ነበር። ወይዘሮ አይናዲስ ቀና ብለው አዩን፤ ተቀመጡ። ይህም እንደ ልማዱ መቀመጥ ሆኖ ተቆጠረ።

ያስፈራቸው ሞቱ አልነበረም። በከተማው አንድ ሌላ ማኅበር ነበር። መሥራቹ ድንገት ሲሞቱ ማን እንደሚቀጥል የተባለ ነገር አልነበረምና ቦርዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ማኅተሙን ልጆቻቸው ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ያዙት። ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ሲካሰሱ የተኙት ተረሱ። ከተረሱት ውስጥ ጥቂቶቹን ወደኛ ያመጧቸው ራሳቸው ወይዘሮ አይናዲስ ናቸው። ጀርባቸው እንዴት ሆኖ እንደተገኘ እዚህ አልጽፍም።

በሚቀጥለው ዓመት የሚረዳን ድርጅት አበረ የሚባል ባለሙያ ላከልን። ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ «የአመራር መተካካት እቅድ» ብሎ ጻፈበት። ያን ጊዜ ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ መተካካት ይል ነበርና ሰዉ ገና ሲያነበው ፈገግ አለ።

«ልጄ፣ መተካካቱ እኛም ሰፈር ደረሰ?» አሉ ቄስ ታረቀኝ።

«አባቴ፣ ይሄ የፖለቲካ አይደለም። ነገ ወይዘሮ አይናዲስ አንድ ነገር ቢሆኑ ማኅበሩን ማን ይመራል? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው።»

«ምን ይሆናሉ?» አለች ወለተ ማርያም።

«ማለቴ፣ ቢታመሙ... ወይም...»

«አንተ ሁን! ሟርተኛ! ከባሕር ዳር ድረስ ይህን ልትነግረን መጣህ?»

አበረ ፊቱ ቀላ። ወይዘሮ አይናዲስ እጃቸውን አነሱ። «ልጁን ተዉት። እኔ ልመልስለት። ሀጀራ ትመራለች።»

ሀጀራ ከተቀመጠችበት ተነስታ «ኧረ በአላህ እትዬ! እርስዎ ቁጭ ብለው እኔ? አልመጥንም!» አለች።

ይህ የመጀመሪያው እምቢታ ነው። ከዚህ በኋላ ሰው ተነስቶ ሊለምናት ይገባ ነበር፤ የተነሳ ግን የለም። ሃይማኖቷ ነው የከለከለ የሚሉ አሉ። እንዲህ ያሰበ አልነበረም አልልም፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ወይዘሮ አይናዲስ ተቀምጠው ሳለ ሀጀራን «እሺ በይ» ማለት፣ እሳቸውን «በቃዎት፣ ይሂዱ» ማለት ነው። ይህን ለማለት ማን ይደፍራል? አንዷ መውረድ አልቻለችም፤ አንዷ መቀበል አልቻለችም፤ ሁለቱንም ያሰራቸው የሰው ጨዋነት ነው። አበረ በያዘው ቅጽ ላይ ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ልመና የሚጻፍበት ቦታ የለም። «እጩዋ ፈቃደኛ አይደሉም» ብሎ ሞላና ምሳ ሳይበላ ሄደ።

ከወይዘሮ አይናዲስና ከሀጀራ ጋር ሦስታችን ወደ ቤት ስንሄድ ወይዘሮ አይናዲስ አንድ አጥር ተደግፈው ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅናቸው።

«ሀጀራ፣ እውነትሽን ነው?»

«የቱን እትዬ?»

«አልመጥንም ያልሽውን።»

ሀጀራ መሬት መሬት አየች። «ሥራውንማ እችለዋለሁ። እሺ ማለቱን ነው የማልችለው። እርስዎ እያሉ እሺ ብል ምን ይሉኛል? ሞታቸውን ስትጠብቅ ነበር ነው የሚሉኝ። ሱቃችን ገበያ መሀል ነው፤ የሚወራው መጀመሪያ እኔ ጆሮ ነው የሚገባ።»

«ከሞትኩ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ማን ያስታውሰኛል? ቁይ ለብቻው፣ አምበር ለብቻው ይሄዳል። እዚህም አንዱ ተነስቶ ዘመዱን ያስቀምጣል።»

«አየሽ፣ ታውቂዋለሽ።»

«ማወቁንማ አውቀዋለሁ።»

ወይዘሮ አይናዲስ አጥሩን ለቀው መራመድ ጀመሩ። ዳገቱን ጨርሰን ተለያየን።

የ2004ቱ ጉባኤ ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው መዝገብ ቤት መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ፤ የጫማው ጠርዝ ባበጠው እግራቸው ላይ እንደ ቀለበት ያለ ምልክት ትቷል።

«አርሴማ፣ ሊቀመንበር አልወርድም ቢል ደንቡ ምን ይላል?»

«አባላት ከጠየቁ ምርጫ ይደረጋል ይላል፤ በምስጢር ድምፅ።»

«ማን ነው የሚጠይቀው?»

«ማንም አባል። ምነው?»

«አውርዱኝ ብዬ ብዬ ደከመኝ። እስቲ ደግሞ አታውርዱኝ ብዬ ልሞክራቸው።»

የሚሉት ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ «ስምዎ ይበላሻል እኮ» አልኳቸው።

«ስሜ ምን ይሠራልኛል? ስሜ የተኛ ሰው አያገላብጥም።»

«ለሀጀራ ልንገራት?»

«እንዳትሞክሪው! ካወቀች ታለቅሳለች፤ እሷ ካለቀሰች ሰዉ ሁሉ ያውቅብኛል። ላንቺም የነገርኩሽ ደንቡን የምታውቂ አንቺ ስለሆንሽ ነው እንጂ...» አሉና ትተውት ጫማቸውን በግድ ማጥለቅ ጀመሩ።

ጉባኤው የተደረገው በቀበሌው አዳራሽ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ የተለመደው ዝምታ ሆነ። ቄስ ታረቀኝ የልመና ቃላቸውን አዘጋጅተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

«ሪፖርቱ አልቋል። ወደ ሌላው አጀንዳ እንለፍ» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ።

«እህቴ፣ የረሱት ነገር የለም?» አሉ ቄስ ታረቀኝ።

«ምን ረሳሁ?»

«ያው፣ የዓመቱን ቃል ነዋ።»

«አውርዱኝ የምለውን? ዘንድሮ አልልም። አልወርድም። ይህን ማኅበር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እስክሞት የኔ ነው። ደግሞስ ከእናንተ ማን ይችለዋል?»

መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ፊታቸውን ሲያዩት ሳቁ ቆመ።

ወለተ ማርያም ተነሳች። «የኔ ነው አሉ? ማኅበር እንደ ላም የአንድ ሰው ይሆናል እንዴ?»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም! ያን ጊዜ ተንበርክኬ የለመንኩዎ እኔ ነኝ!»

«ማን ተንበርከኪ አለሽ?»

ከኋላ አንድ ሰው «ወንበሩ ጣማቸው!» አለ። ሌላው «እኛ ስናጥብ የኖርነው ለሳቸው ንብረት ነው?» አለ። አዳራሹ ታመሰ። ቄስ ታረቀኝ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አሉ። ሁሉ ነገር ሊፈርስ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ወይዘሮ አይናዲስ ጠረጴዛውን ሳይደገፉ ብድግ አሉና «ታምሜ አላውቅም» አሏቸው። ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ።

ምርጫ ይደረግ ያለችው ወለተ ማርያም ናት። ሀጀራን የጠቆመችውም እሷው ናት፤ በንዴት፣ ጣቷን ቀስራ። ሀጀራ እያለቀሰች «አልችልም! እሳቸውን አስነስቼ አልቀመጥም!» አለች። በዚህ ጊዜ ግን ዝም ያላት የለም። ሰዉ «እሺ በይ!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛ እምቢ አለች፤ አስታማሚዎቹ ከበቧት። ሦስተኛ ቄስ ታረቀኝ ራሳቸው ከመድረክ ወርደው፣ ነጠላቸውን አደግድገው «ልጄ፣ ስለ በሽተኞቹ ብለሽ» ብለው ለመኗት። እሺ አለች። ወይዘሮ አይናዲስ ሲመርጧት ማንም ያልለመናት ሴት፣ በወይዘሮ አይናዲስ ላይ ሲሆን ሕዝብ ሙሉ ለመናት።

ድምፅ ተሰጠ፤ በብዙ ተመረጠች። ወይዘሮ አይናዲስ ማኅተሙንና የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። የተነሳላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልተነሳሁም፤ ብነሳ ያውቁብኛል ብዬ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በድምፅ ብልጫ ከሊቀመንበርነት ተነስተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ነው፤ አንድም እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን ያን ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው ምንም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ኑሮ ቀላል አልነበረም። ሰው ፊት ለፊት አልሰደባቸውም፤ እንዲያ አይደረግም። ሰላምታው ብቻ አጠረ። ጽዋ ማኅበር ሲሄዱ ቦታ ይለቁላቸዋል፤ ከጎናቸው የሚቀመጥ ግን ይጠፋል። እኔ ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን ደጅ ተቀምጠን ስለ ጓሮ ጎመናቸው ስናወራ ወለተ ማርያም በታች በኩል መጥታ፣ አየችንና መንገድ ቀየረች።

«ወለተ ማርያም ናት?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«አይተሻል» አሉኝ። ከዚያ ወሬውን ወደ ጎመናቸው መለሱት።

እውነቱን ብናገር ሀጀራ በዚያው ቀን ወንበሩን ትተዋለች፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ በእሳቸው ላይ የሚወራውን ሁሉ ቢሮ ተቀምጬ እሰማለሁ። መልሱ አጠገቤ እያለ መስማቱ ያደክማል። እሳቸው ግን «ደክሞኛል» ሲሉ ከዚያ ወዲህ ሰምቻቸው አላውቅም፤ በፊት በየዓመቱ ሲሉት የነበሩት ሰው።

ሀጀራ መጀመሪያ ሰሞን ስለ ሥራው ልትጠይቃቸው ትመላለስ ነበር። አያናግሯትም፤ በር ላይ ቆመው «ደህና ነሽ?» ብለው ይሸኟታል። በኋላ ተወችው። ማኅበሩ ግን ሄደ። የአስታማሚዎቹን ምድብ በራሷ መንገድ ቀየረች፤ አንዳንዱ ተበላሸባት፤ መልሳ አስተካከለችው። የተኛ ሰው አልተረሳም።

በ2006 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ አይናዲስ ጨርሰው ተኙ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ሀጀራ ገባች። ሰላም ብላ ቆመች፤ ተቀመጪ ብንላትም አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ የቁዮቹ ለብቻችን እንሁን ብለዋል። ራሳችንን ችለናል ነው የሚሉት። ምን ላድርግ?»

«ሊቀመንበሯን ጠይቂያት።»

«ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ሀጀራ ከንፈሯን ነከሰች። ሁለት ዓመት የያዘችው ወጣ። «ያን ቀን ያሉትን አልረሳሁትም። ከእናንተ ማን ይችለዋል አሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ!»

«ብያለሁ።»

«ይኸው ችያለሁ እንግዲህ!»

«አይቻለሁ» አሏት።

ብርድ ልብሱ እግራቸው ላይ ተገፎ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ሸፈነችላቸውና ወጣች።

በሳምንቱ ውሳኔዋን ለቁይ ጻፈች፤ ለብቻቸው እንዲሆኑ ፈቀደች። እዚያ ያለውን ዕቃም ለቀቀችላቸው፤ ከኛም የሠለጠኑ አስታማሚዎችን ጨመረችላቸው። ቦርዱ ተከራክሯት ነበር፤ አልሰማችም። ይህን ለወይዘሮ አይናዲስ ነገርኳቸው። 

«እኔ ብሆን አልለቃቸውም ነበር» አሉ።

«ቦርዱም እንዲያ ነው ያለ። ርክክቡ ገና አልተፈረመም፤ ይህን ያሉትን ብነግራትስ?»

«ምን ብለሽ? እሷ ናት የምትወስነው» አሉኝና ትራሳቸውን ከፍ እንዳደርግላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ከፍ አደረግሁላቸው። እስከ ሞቱ ቀን ድረስ ስለ ማኅበሩ ሌላ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።